ጥቆማ፦ የአጥንት ዱቄትና ጄል የሚሠራ የጥርስ ሐኪም፣ ድሬ ወይም ሐረር

የለገሃሬዋ፦ ሰላም ድሬዎች፣ ሰላም ሐረሮች። የታች መንጋጋዬ በሚቀጥለው ሳምንት ይነቀላል። ሐኪሙ ጉድጓዱን የአጥንት ዱቄት በሃያሉሮኒክ አሲድ ጄል (ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ዝልግልግ ነገር ነው አሉ) ለውሼ እሞላዋለሁ ብሎኛል። በኋላ ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እንዲገባ አጥንቱ እንዳይሟሽሽ ነው። ጄሉ ለብቻው ይከፈላል። ያሠራችሁ የት አሠራችሁ? ጄሉስ ለገንዘቡ ይገባዋል ወይስ ዱቄቱ ብቻ ይበቃል?

ውበት በድሬ፦ ኦሪጅናል የሃያሉሮኒክ የፊት ሴረም አለን እህቴ። ጠዋትና ማታ 2 ጠብታ። ዋጋ በውስጥ መስመር። ሳቢያን ድረስ እናመጣለን።

አቦ ተዉኝ፦ አቦ መንጋጋ እኮ ነው ያለችው! ጉድጓዱ እንዲያበራላት ነው?

ከአራተኛ፦ እናቴ ጉልበቷን የተወጋችው ይኸው ነበር። አሁን በእግሯ ገበያ ወጥታ ትመለሳለች። የጥርሱን ግን እንጃ።

ሳቢያን 02፦ በኔ የደረሰ አይድረስብሽ። ቦታውን አልጠራም። ዱቄቱንም ጄሉንም አስደረግኩ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። ሽታው ደግሞ! ዱቄቱ እንደ አሸዋ ምላሴ ላይ ይመጣል። ከፍዬ አሸዋ በላሁ። ጄል የሚባለው ማጭበርበሪያ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ በስንተኛው ቀን በርጫ ላይ ተቀመጥክ?

ሳቢያን 02፦ በማግስቱ። ግን በሌላኛው ጉንጬ ነው የቃምኩት!

አቦ ተዉኝ፦ ጄሉን ፍቱት፣ ነጻ ነው።

ሳቢያን 02፦ አትቃም ያለኝ የለማ!

የከዚራ ልጅ፦ እሱ ላይ እንኳ ከጎንህ ነኝ። ድሬ ላይ ሆኖ ይህን የማይጠይቅ የጥርስ ሐኪም ምን ሊጠይቅ ነው?

የመጋላው፦ ጎበዝ፣ ምን አንከራተታችሁ? የኔ ሐኪም እዚሁ መጋላ ነው። 15 ዓመት ሙሉ ሌላ ቦታ አልሄድኩም።

የለገሃሬዋ፦ ጄል ይጠቀማል?

የመጋላው፦ ምን ያደርግለታል? እጁ ራሱ መድኃኒት ነው።

አቦ ተዉኝ፦ ስንት ጥርስ ቀረህ?

የመጋላው፦ ዘጠኝ። ግን ዘጠኙም ድንጋይ ናቸው።

እሙ ጀጎል፦ ቆይ፣ ሐላሉን ማንም አላነሳም። ዱቄቱ የምን አጥንት ነው? ጄሉስ?

ነጭ ጋውን፦ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታና እየሟሸሸ ይሄዳል። በዓመት ውስጥ ከወርዱ ግማሽ ያህሉ ሊሄድ ይችላል፤ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት። ዱቄቱ እንደ ጭቃ ቤት ማገር ነው። ቦታውን ይይዛል፣ ጭቃው ቀስ እያለ ከራስሽ አጥንት ይመጣል። ወራት ይፈጃል። ጄሉ ማገር አይሆንም፣ ሰውነት ቶሎ ይመጠዋል። ጥቅሙ ዱቄቱን እንደ ሊጥ አያይዞ ለሐኪሙ እጅ ማመቸት፣ የድዱ ቁስልም ቶሎ እንዲዘጋ ማገዝ ነው። አጥንት ይጨምራል ወይ ካልሽ፣ ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ገንዘብ ካጠረሽ ጄሉን ተዪና ዱቄቱን ያዢ።

እሙ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። ዱቄቱ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከሰው አጥንት ሊሠራ ይችላል፤ ሰው ሠራሽም አለ። ሃያሉሮኒክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ1934 ሲገኝ ከከብት ዓይን ነበር። ከዚያ ከአውራ ዶሮ አናት ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ሲወጣ ኖረ። አሁን አብዛኛው በባክቴሪያ ነው የሚመረተው። ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ሳይከፈት አሳዩኝ በሉ። የሚያበቃበትን ቀንም እዩ፣ በዚህ ሙቀት የት እንዳስቀመጡትም ጠይቁ። የፊት ሴረም ግን ቁስል ውስጥ እንዳይገባ፣ ለዚያ አልተሠራም።

ውበት በድሬ፦ እኛ አፍ ውስጥ አድርጉት አላልንም።

ሳቢያን 02፦ ነጭ ጋውን፣ የኔ ጉድጓድ አሁን ይስተካከላል? ፎቶ ልላክ?

ነጭ ጋውን፦ በፎቶ አይሆንም ወንድሜ፣ ራጅ ያስፈልገዋል። ያሠራህበት ተመለስ። ሲጋራም ካለ አቁም።

ሳቢያን 02፦ ሲጋራውን ማን ነገረህ?

የለገሃሬዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማሸጊያውን እጠይቃለሁ።

የመጋላው፦ የኔ ሐኪም ቅዳሜም ክፍት ነው።

ከአራተኛ፦ የጉልበቱን ሐኪም በውስጥ የጠየቃችሁኝ 11 ሰዎች፣ እናቴን ጠይቄ እመልሳለሁ።

እሙ ጀጎል፦ የለገሃሬዋ፣ ተነቀልሽ? የት አሠራሽው?

እሙ ጀጎል፦ እህቴ?

ውበት በድሬ፦ አዲስ ዕቃ ገብቷል።