ግሩፑ ሲያድግ ስድቡም አብሮ አደገ፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሐዋሳ ቤት ፈላጊንና አከራይን የሚያገናኝ የቴሌግራም ግሩፕ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አስተዳድራለሁ። 100 የማንሞላ በነበርንበት ጊዜ ሁሉም ስለሚተዋወቅ ተቆጣጣሪ አላስፈለገንም ነበር፤ ዛሬ ግን ከ4,000 በላይ ሆነናል። ባለፈው ሳምንት በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ አንዲት ልጅ አንድ ክፍል እንደምትፈልግ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጻፈች፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዘጠኝ የማታውቃቸው ወንዶች በኢንቦክስ ነውር ጽፈውላት ስክሪንሾቱን ላከችልኝ፤ በማግስቱም ከግሩፑ ወጣች። ተሳዳቢ ስናስወጣ ደግሞ «በብሔሬ ነው ያባረራችሁኝ» የሚል ክስ ይከተላል። ሳንዘጋው እንዴት እናድነው?

መልስ (አዳማ)፦
ወንድሜ፣ በአዳማ የንግድ ግሩፕ ሳስተዳድር እኔም አልፌበታለሁ። ቴሌግራም ከ100 በላይ አባላት ባሉት ግሩፕ የአባላቱን ዝርዝር ለመደበቅ ያስችላል፤ ይህ ግን ስም እየለቀሙ የሚያጠምዱትን ያግዳል እንጂ በይፋ የጻፈን ሰው አይሸፍንም። ስለዚህ ቤት ፈላጊ ሴቶች ጥያቄያቸውን ለአድሚን ልከው፣ አድሚኑ በግሩፑ ስም ቢለጥፍላቸውና አከራዮች ከሥሩ ቢመልሱ ይሻላል። አዲስ ሰውም በአድሚን ፈቃድ ብቻ ይግባ።

መልስ (ሐዋሳ)፦
የብሔር ክሱን የሚያበርደው ሥርዓት ነው። የእኛ እድር ያጠፋን አባል በአንድ ጊዜ አይሰርዝም፤ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፣ ከዚያ ይቀጣል፣ ስረዛው መጨረሻ ላይ ነው፤ አባሉም ይህን ገና ሲገባ ያውቀዋል። እናንተም ደንቡን በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ጽፋችሁ ፒን አድርጉት፤ ለመጀመሪያው ስድብ ማስጠንቀቂያ፣ ለሁለተኛው የአንድ ሳምንት እገዳ፣ ለሦስተኛው ስንብት ይሁን። የቴሌግራም የአድሚን ሥራ መዝገብ ያለፉትን 48 ሰዓታት ብቻ ስለሚይዝ፣ ማን በየትኛው ቃል እንደታገደ በደብተር ጻፉ፤ የተሰደበው አድሚንም በራሱ ጉዳይ አይፍረድ። ሴትን በኢንቦክስ ማዋከብና ብሔርን ለይቶ ጥላቻ መቀስቀስ ግን ማስጠንቀቂያ አይጠበቅላቸውም፤ የጥላቻ ቅስቀሳው በጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀል ነውና ማስረጃውን አስቀርታችሁ ጽሑፉን ወዲያው አጥፉት።

መልስ (ሐዋሳ)፦
ሦስታችሁም ወንዶች ናችሁ? ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነውር ለወንድ አድሚን ልካ ማሳየት ይከብዳታል፤ ያቺ ልጅ መላኳ ራሱ ትልቅ ድፍረት ነው። ስንቶቹ ዝም ብለው እንደወጡ አታውቁም። ቢያንስ ሁለት ሴቶችን አድሚን አድርጉ፤ እርሷንም ቤት አገኘች ወይ ብላችሁ ጠይቋት።

ጠያቂ፦
አዎ እህቴ፣ ሦስታችንም ወንዶች ነን። ልጅቷን ዛሬ ጠየቅኋት፤ ገና አላገኘችም። ከዘጠኙ አራቱ አሁንም ግሩፑ ውስጥ ስላሉ ዛሬ ማታ እናስወጣቸዋለን፤ የእርሷን ጥያቄ ደግሞ ነገ ጠዋት በግሩፑ ስም እንለጥፋለን።