ሞግዚት ስንቀጥር አስተዳደጓን መጠየቅ አለብን?

እናት (ከጅማ፣ ጅሬን ሰፈር)፦ ልጄን በማውልበት የሕፃናት ማቆያ ያሉት ሁለቱ ሞግዚቶች አንድ ዓይነት ሥልጠና ወስደዋል። ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገችው፣ ልጅ ሲያለቅስ ፈጥና ታቅፈዋለች፤ ሌላዋ ግን «ከታቀፈ ይለምዳል» ብላ ትተወዋለች። ልዩነቱ የአስተዳደግ ከሆነ፣ ሲቀጠሩ ለምን አይጠየቁም?

አባት (ከጅማ፣ ኸርማታ ሰፈር)፦ እህቴ፣ አልስማማም። አስተዳደግ የመቅጠሪያ መስፈርት ከሆነ፣ መጀመሪያ በር የሚዘጋባት ከገጠር የመጣችው ድኻ ወጣት ናት። እኔን ያሳደገችኝ ከጅማ አጠገብ ካለው ከማና ወረዳ የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች፤ ከእሷ የበለጠ የታገሠኝ ሰው አላውቅም።

ተንከባካቢ፦ እኔ ያደግሁት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይናገርም በሚባልበት ቤት ነው። ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን የሁለት ዓመት ሕፃን «ይኼ ምንድን ነው?» እያለ ሲከታተለኝ «ዝም በል» እለው ነበር፤ ጨዋነት ያስተማርሁት መስሎኝ ነው። ከሕፃን ጋር ማውራት ለአእምሮ እድገቱ እንደሚጠቅም በሥልጠናው ተምሬ ፈተናውንም አልፌ ነበር፤ አፌ ግን የሚከተለው እናቴን ነበር። የተለወጥሁት ኃላፊዬ ለብቻዬ አስቀምጣ «አንቺ ልጅ ሳለሽ ስትጠይቂ ምን ይሉሽ ነበር?» ባለችኝ ቀን ነው። ከዚያው ቤት ማዘልንና እሹሩሩ ማለትንም ይዤ መጥቻለሁ፤ እነዚህን እንድተው ማንም አይጠይቀኝ። ስለዚህ ለመቅጠር አይጠየቅ፤ ከተቀጠርን በኋላ ግን በሥልጠናው ውስጥ ይጠየቅ።

ነርስ፦ በዚህ እስማማለሁ። በአሜሪካ የተዘጋጀው ዴንቨር ሁለት የተባለው የሕፃናት እድገት መመዘኛ እንኳ ለጅማ ልጆች እንዳለ አልተወሰደም፤ ከአካባቢው ኑሮ ጋር የማይሄዱት ጥያቄዎች ተስተካክለው ነው የተዘጋጀው። ለልጆቹ ኑሮ ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ የአሳዳጊዎቹን ኑሮ ሥልጠናው ሊዘለው አይገባም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ ክፍልና ፍራሽ ማዘጋጀት ግን ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሕፃናት ብቻዋን የያዘች ሴት ሲደክማት የምትመለሰው ወደ ሥልጠናው ሳይሆን ወደ አደገችበት ነው።

እናት (ጅሬን)፦ የመቅጠሪያ መስፈርት ይሁን ያልሁትን ትቻለሁ። ያቺ ሞግዚት ስንት ሕፃናት ብቻዋን እንደምትይዝ ሳልጠይቅ ፈርጄባታለሁ፤ ነገ ልጄን ሳደርስ እጠይቃታለሁ።