ለተማሪዎች የሮቦቲክስ ቡድን የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ፦ «ጉዳዩ» ላይ ምን ብለን እንጻፍ?

የፊዚክስ መምህር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ስሆን፣ ዘጠኝ ተማሪዎች ያሉበትን የሮቦቲክስ ቡድን አስተባብራለሁ። ልጆቹ በጣና ዳር እየተንሳፈፈ የውኃውን ሙቀትና ድፍርስነት የሚለካ ትንሽ ሮቦት እየሠሩ ነው። አካሉ ከባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች የተገጣጠመ ሲሆን፣ መቆጣጠሪያው ከኪሴ የገዛሁት አንድ አርዱኢኖ ኡኖ ነው። ባትሪ፣ ቻርጀርና ውኃ የማያስገባ ሳጥን ግን አልተሟላልንም።

ባለፈው ወር ለሰባት ድርጅቶች ደብዳቤ አስገብተን ከአንዱም መልስ አላገኘንም። አንደኛው ዘንድ ሄደን ስንጠይቅ «ለሰው ሀብት ክፍል ተመርቷል» ተባልን፤ ለምን ወደዚያ እንደሄደ የነገረን የለም። ጉዳዩ «የድጋፍ ደብዳቤን ይመለከታል» የሚል ሲሆን፣ ዋናው አንቀጽ የሚከተለው ነው።

«ድርጅትዎ ለአገራችን የቴክኖሎጂ ዕድገት እያበረከተ ያለውን ከፍተኛ አስተዋፅኦ በመገንዘብ፣ የነገ አገር ተረካቢ የሆኑት ተማሪዎቻችን የጣናን ችግር የሚፈታ ሮቦት በመሥራት ላይ ስለሚገኙ፣ የሚቻለውን ሁሉ ድጋፍ እንዲያደርጉልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ጥፋታችን የቱ ላይ እንደሆነ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መዝገብ ቤት የኖረ

መምህር፣ እኔ በመዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ደብዳቤዎ ለምን ወደ ሰው ሀብት እንደሄደ መገመት አይከብደኝም። «የድጋፍ ደብዳቤ» በቢሮ ቋንቋ ሌላ ነገር ነው፤ ቀበሌ ወይም መሥሪያ ቤት ስለ አንድ ሰው ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚጽፈው ማረጋገጫ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደብዳቤ ተቀብላ ቀንና ቁጥር ስትሰጥ እስከ መጨረሻው አታነበውም፤ ጉዳዩን አይታ ወደሚመስላት ክፍል ትልከዋለች። የትምህርት ቤት ማኅተም ያለበትና «የድጋፍ ደብዳቤ» የሚል ወረቀት ስታይ፣ ለተግባር ልምምድ የተላኩ ተማሪዎች ጉዳይ መስሏት ይሆናል። ስለዚህ ጉዳዩ ራሱ የሚፈለገውን ዕቃ ይጥራ፤ «ለተማሪዎች ሮቦት የባትሪና የቻርጀር ድጋፍ ስለመጠየቅ» ቢባል የሚሳሳት አይኖርም።

ሁለተኛው ጥፋት «የሚቻለውን ሁሉ» የሚለው ነው። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ሲያነብ በኅዳጉ ላይ «ይፈጸም» ብሎ የሚመራበት ነገር ያስፈልገዋል። የሚፈጸመው ነገር ካልተጻፈ «አጥንታችሁ አቅርቡ» ይላል፤ የሚያጠናው ክፍል ደግሞ ሌላ ሥራ አለበት፣ ደብዳቤውም እዚያው ይተኛል። ዋጋውን ሥራ አስኪያጁ በግምት እንዳያስበው ከሻጮች ሦስት ፕሮፎርማ አያይዙ። ዕቃው ሲሰጥ ትምህርት ቤቱ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ እንደሚያደርገውም ጻፉ፤ ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሒሳብ ክፍሉን ጥያቄ ቀድማ ትመልሳለች።

ጊዜውም ይታሰብበት። ሰኔ 30 ሒሳቡን የሚዘጋ ድርጅት በሰኔ «በጀት አልቋል» ማለቱ ሰበብ ብቻ አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሳይጸድቅ በፊት፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ቢገባ ይሻላል።

የፖሊ ግቢ ልጅ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው በምህንድስናው በኩል ነው፤ ምክንያቱም ከሰጪው ወገን አንድ ቴክኒክ የሚያውቅ ሰው ቢያነበው የሚታዘበው ነገር አለ።

መምህር፣ «የጣናን ችግር የሚፈታ» የሚለውን ያውጡት። ባሕር ዳር ላይ የጣና ችግር ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተስፋፋውን እምቦጭ ነው። እሱ ደግሞ በብዛት የሚገኘው በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ የእናንተ ሮቦት የሚንሳፈፈው እዚህ ደቡቡ ዳር ነው፣ የሚለካውም ሙቀትና ድፍርስነት ነው። የሚለካ መሣሪያ መሥራት በራሱ ትልቅ ነገር ስለሆነ ያንኑ ጻፉ።

ባትሪውንም በቁጥር ለዩት። የሞተር መቆጣጠሪያችሁ ብዙ ተማሪ የሚጠቀምበት ኤል 298 ኤን ከሆነ፣ እሱ ራሱ ወደ 2 ቮልት ገደማ ይበላል። 3.7 ቮልት የሆኑ ሁለት የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ 7.4 ቮልት ቢሰጡም ሞተሩ ዘንድ የሚደርሰው 5 ቮልት ያህል ስለሆነ፣ ሞተራችሁ የ12 ቮልት ከሆነ ሮቦቱ ውኃው ላይ ይንቀረፈፋል። በሦስት ሴል 11.1 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ሴል ለሥራ፣ ሦስት ለመቀያየሪያ፣ ከዚያም ለሦስት ሴል የሚሆን ቻርጀር ብላችሁ ጠይቁ። «ባትሪ» ብቻ ብትሉ የመኪና ባትሪ ይዞ የሚመጣ ደግ ሰው አይጠፋም፤ እኛ ላይ ደርሶብናል።

ስም ስለማስቀመጥም ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. ዲን ኬመን በመሠረተው ፈርስት በተባለ ድርጅት የሮቦቲክስ ውድድር ላይ፣ የስፖንሰሮቹ ስም ከቡድኑ ኦፊሴላዊ ስም ጋር አብሮ ይመዘገባል። እናንተ ያን ያህል ባትሄዱም፣ የሰጪው ስም በሮቦቱ ጎን በውኃ በማይለቅ ቀለም እንደሚጻፍ ግለጹ።

የጀልባ ባለቤት ልጅ

ሁላችሁም ስለ ትልልቅ ድርጅት ነው የምታወሩት። አባቴ ወደ ዘጌ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ጀልባ አለው። የጀልባና የዓሣ ማኅበራት ውኃው ሲደፈርስም ሆነ እምቦጭ የሞተሩን ማራገቢያ ሲጠመጥም መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ ደብዳቤ ግን ማንም አይጽፍላቸውም። መምህር፣ ልጆቹንና ሮቦቱን ይዘው ጠዋት ወደ ወደቡ ይምጡ። ባትሪ ባይገዙ እንኳ፣ ልጆቹ ሲለኩ ደኅንነታቸውን የሚጠብቅ ጀልባ አይከለክሏችሁም።

መዝገብ ቤት የኖረ

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ለማኅበርም ቢሆን ደብዳቤ ይያዙ፤ ሊቀ መንበሩ ለአባላቱ የሚያሳየው ወረቀት ይፈልጋል። አጭር ቢሆን ይበቃል።

የፊዚክስ መምህር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ትናንት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተቀምጠው አንቀጹን እንደገና ጽፈውታል፤ እኔ የነካሁት ሥርዓተ ነጥቡን ብቻ ነው።

«በትምህርት ቤታችን የሚገኙ ዘጠኝ ተማሪዎች በጣና ዳር የውኃ ሙቀትና ድፍርስነት የሚለካ ተንሳፋፊ ሮቦት ሠርተው አካሉንና መቆጣጠሪያውን አጠናቀዋል። ሮቦቱን ውኃ ላይ ለመሞከር የሚቀረን 3.7 ቮልት የሆኑ ስድስት የሊቲየም ሴሎች፣ አንድ የሦስት ሴል ቻርጀርና አንድ ውኃ የማያስገባ ሳጥን ስለሆነ፣ ድርጅትዎ እነዚህን በዓይነት እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ዋጋቸውን የሚያሳዩ ሦስት ፕሮፎርማዎች ተያይዘዋል። ዕቃዎቹን ትምህርት ቤቱ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል፤ የመጀመሪያውን ልኬት በምናደርግበት ዕለትም የድርጅትዎ ተወካይ በቦታው እንዲገኙ ጋብዘናል።»

የመጨረሻውን ግብዣ የጨመረችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለጀልባ ማኅበሩ የሚሄደው ደብዳቤ ግን ባትሪ አይጠይቅም፤ ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጀልባ ብቻ ይጠይቃል።

መዝገብ ቤት የኖረ

አሁን «ይፈጸም» የሚባልበት ደብዳቤ ሆኗል። ሁለት ነገር ብቻ ቀርቷል፦ ከፊርማው በታች የእርስዎን ስልክ ይጻፉ፤ ሲያስገቡም ቅጂው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ከነቁጥሩ አስመትተው ይያዙ። በሳምንቱ ሲመለሱ የሚጠየቁት በስም ሳይሆን በዚያ ቁጥር ነው።