የእማዬ የግፊት መድኃኒት ላይ ሁለት ቀን ተጽፏል፤ ልመልሰው ወይስ ልጠቁም?

የጉለሌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ለእማዬ የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን፣ ከሰፈራችን ፋርማሲ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ካርቶኑን ሳገላብጠው የሚያበቃበት ቀን ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። ጫፉን በጥፍሬ ሳነሳው ከስሩ ሌላ ቀን አለ፣ እሱም ካለፈ አራት ወር ሆኖታል! ጠዋት ይዤው ብሄድ ልጁ ምንም ሳይደነግጥ «ችግር የለውም፣ እቀይርልሻለሁ» አለኝ። እምቢ ብዬ ይዤው ተመለስኩ። እማዬ ግን አንዱን ውጣለች፣ ጨንቆኛል። ለማን ነው የሚነገረው? ብናገርስ የሚሰማ አለ?

ፋርማሲስት ነኝ፦
እንኳን አልሰጠሽው። ብትቀይሪው ኖሮ ያው ካርቶን መደርደሪያ ላይ ተመልሶ ሌላ እናት ትገዛው ነበር። መጀመሪያ ግን እናትሽ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ዛሬውኑ ከሌላ ቦታ ግዢላቸውና ግፊታቸውንም አስለኪ። ከዚያ ስትሪፑን፣ ማለትም ክኒኖቹ የታሸጉበትን ቅጠል፣ እይው፤ ባች ቁጥሩ (አብሮ የተመረተው መድኃኒት መለያ ቁጥር) እና ቀኑ ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆን አለበት። ወረቀቱን ከዚህ በላይ አትላጪው፣ ፎቶ አንሺው፣ ደረሰኙን አስቀምጪ። 8482 ደውዪ፣ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር ነው።

አበበ ቢቂላ ሰፈር፦
አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራሉ ባለሥልጣን መድኃኒት ይመዘግባል፣ አስመጪና ፋብሪካ ይቆጣጠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ለፋርማሲ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያሽገው ግን የከተማው ባለሥልጣን ነው፣ ለሁለቱም ንገሪ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 አለ፣ ሕግ አልጠፋም። እኔን የሚያናድደኝ ይህን ያህል ብር የሚያወጣ መድኃኒት ተወገደ ተብሎ በዜና ሲነገር ስሙና ባች ቁጥሩ መቅረቱ ነው። እኛ ቤት ያለውን በምን እናውቃለን?

የሁለት ልጆች እናት፦
በ2022 እ.ኤ.አ. ጋምቢያ ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ከሕንድ በገባ የሳል ሽሮፕ ምክንያት ሞተዋል ተብሏል፤ ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ተገኝቶበት ነበር። አገሪቱ መመርመሪያ ላብራቶሪ ስላልነበራት ናሙናው ወደ ውጭ ተላከ። የነቁት ሐኪሞች ናቸው፣ የልጆች ኩላሊት ተራ በተራ ሲደክም አይተው ጮኹ። እህቴ፣ ዝም እንዳትዪ።

የጉለሌዋ፦
አመሰግናለሁ። 8482 ደውዬ ባች ቁጥሩን ነገርኳቸው። ስትሪፑን አየሁት፣ የታተመበት ቀን ከወረቀቱ ስር ያለው ነው። ካርቶኑን በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ እስኪመጡ ማንም አይነካውም።