ክርክር፦ ሶምኬሌ ላይ የከሰል ቁፋሮው ይቀጥል ወይስ ይቁም?

የደርባን ልጅ፦ ሶምኬሌ ደቡብ አፍሪካ፣ ክዋዙሉ-ናታል ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከምቱባቱባ ከተማ ወጣ ብላ ያለች የዙሉ ገጠር ናት። በአንድ በኩል የሽሉሽሉዌ-ኢምፎሎዚ የዱር እንስሳት ፓርክ፣ በሌላ በኩል ከ2007 ጀምሮ የሚቆፈር የድንጋይ ከሰል። (ዓመቱ በፈረንጅ ነው።) ቁፋሮው ይስፋ ሲባል ሰዎች ከቤታቸው ተነሡ ተባሉ። ምን ትላላችሁ?

ባለሱቁ፦ እኔ እዚያው ሰፈር ነው የምሠራው። ሥራው የቆመ ጊዜ የዱቤ ደብተሬ ሞላ። ዘይት በአምስት ሊትር ይወስዱ የነበሩ እናቶች ስኳር በስኒ መጠየቅ ጀመሩ። ይቀጥል!

ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ዱቤው ገብቶኛል። ግን ፊኪሌ ንትሻንጋሴን አትርሳ። አልፈርምም፣ ቤቴን አልለቅም ያሉ አያት ነበሩ። ኦክቶበር 2020 ቤታቸው ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የፈረመ ሰው ወዶ ነው የፈረመው ትለኛለህ? ደሞ የዙሉ ግቢ ታውቃለህ። አባት የሚቀበረው እዚያው ግቢ ነው። ቤት ስታስነሣ አጽምም ታስነሣለህ።

አስጎብኚው፦ አውራሪሱንስ ማን ያስበው? ፓርኩ ከ1895 ጀምሮ የተከለለ ነው። የደቡቡ ነጭ አውራሪስ ከመጥፋት የተረፈው እዚያ ነው። በ2023 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕገወጥ አዳኞች ከተገደሉት 499 አውራሪሶች 307ቱ የዚህ ፓርክ ናቸው። በዚህ ላይ አጥሩ ሥር ድማሚት?

ባለሱቁ፦ 1895 ላይ የከለለው ማን ሆነና? እንግሊዝ! ዙሉን አስፈቅዶ ነው? ደንበኞቼ ፓርኩም ከሰሉም መሬት ወሳጅ ናቸው ይላሉ። ከሰሉ ቢያንስ ደሞዝ ይከፍላል።

የደርባን ልጅ፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ግን የዚያ አካባቢ ገጠር መሬት ባብዛኛው ኢንጎኛማ ትረስት በሚባል የመሬት አደራ ድርጅት ስም ነው፣ ባለአደራው የዙሉ ንጉሥ ናቸው። ገበሬው በእጁ ካርታ የለውም። ስለዚህ ሳይጠየቅ ይታለፋል። 2022 ላይ የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት የማስፋፊያውን ፈቃድ ውድቅ ያደረገው ሕዝቡ በወጉ አልተማከረም ብሎ ነው።

ተማሪዋ፦ ባለሱቁ፣ ልብህን ንገረን እስቲ። አንተ ብትሆን ትፈርማለህ?

ባለሱቁ፦ አንቺ ልጅ፣ አስጨነቅሽኝ። ይቀጥል ባይ ነኝ፣ እንጀራዬ ነው። ግን ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ ቤት ሄጄ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበትን ታንከር ክዳን ከፍተው አሳዩኝ። ጥቁር ዝቃጭ ተኝቶበታል። ሻይ ላፍላልህ ሲሉኝ ቸኩያለሁ ብዬ ወጣሁ።