ለሰፈር ዕቁብ መዝገብ ቀለል ያለ ፍሬምወርክ የቱ ይሻላል?

የዕቁብ ጸሐፊዋ፦
ሰላም ናችሁ? የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። 40 አባላት አሉን፣ በየእሁዱ ነው የምንጥለው። ደብተሩ ተቦጫጭቆ አለቀ። ስልኬ ላይ የምትከፈት አንዲት ገጽ መሥራት ፈልጌያለሁ፤ ማን ጣለ፣ ማን ቀረበት፣ ዕጣው ለማን ወጣ። በቃ፣ ሌላ ነገር የላትም። ሪአክት የሚባለውን ፍሬምወርክ (ገጽ መሥሪያ ዝግጁ ኮድ) ሞክሬ ነበር፤ ገና ባዶውን ፕሮጀክት ሳስነሳ ኖድ ሞጁልስ የሚሉት ፎልደር የሞባይል ዳታዬን ቅርጥፍ አድርጎ በላው። ኤችቲኤምኤልና መጠነኛ ጃቫስክሪፕት እችላለሁ። ሰርቨር የለኝም። ቀኑ ደግሞ የግድ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ ዳኛችን «ሴፕቴምበር» የሚል ነገር ካዩ አይፈርሙም። ዕጣውንም በማዝ ራንደም (የዘፈቀደ ቁጥር በሚሰጠው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ) ላወጣው አስቤያለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

ቡና በጨው፦
አልፓይን ጄኤስ የሚባለው ትንሽ ፍሬምወርክ ይበቃሻል። አንድ ፋይል ነው፤ ኤንፒኤም (ፓኬጅ ማውረጃው) የለ፣ ቢልድ (ኮዱን ቀድሞ ማቀናበር) የለ። አባላቱን ኤክስ-ዳታ ውስጥ ታስቀምጫለሽ፣ «ከፍሏል» የሚለውን ቼክቦክስ በኤክስ-ሞዴል ታያይዣለሽ፣ ዝርዝሩን በኤክስ-ፎር ታወጫለሽ። ኤክስ-ፎር ግን ቴምፕሌት ታግ ላይ ካልሆነ አይሠራም፤ ውስጡም አንድ ዋና ኤለመንት ብቻ ነው የሚፈቅደው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ፀጉሩን ይነጫል።

ገጹ ሲዘጋ መረጃው እንዳይጠፋ ፐርሲስት የሚባለውን ፕለጊን ጨምሪበት። ሎካል ስቶሬጅ (ብሮውዘሩ ስልክሽ ውስጥ ያለው ማስቀመጫ) ላይ ያስቀምጥልሻል። የብሮውዘሩ ዳታ ከጸዳ ግን አብሮ ይጸዳል። የሰው ብር ነውና መረጃውን በጄሰን (በጽሑፍ መልክ ባለ የመረጃ ፋይል) የሚያወጣ «ጄሰን አውርድ» የሚል በተን ሥሪ፤ ዕጣ በወጣ ቁጥር ፋይሉን ለራስሽ በቴሌግራም ላኪው።

ገጹን ጊትሃብ ፔጅስ (ያለ ራስሽ ሰርቨር ድረ ገጽ የሚያስተናግድ አገልግሎት) ላይ በነፃ ጫኚው። ኤችቲቲፒኤስ ስላለው ሰርቪስ ወርከር (ገጹን ስልክሽ ላይ የሚያስቀር ስክሪፕት) ከጨመርሽበት ይሠራል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈትልሻል። የአባላቱን ስም ግን ኮዱ ውስጥ እንዳትጽፊ፣ አደራ! ገጹን ማንም ሊከፍተው ይችላል።

ሞካሪው፦
እኔ ብሆን ፕሪአክት (የሪአክት ትንሽዬ አማራጭ)። 3 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ኤችቲኤም ከምትባለው ላይብረሪ ጋር ያለ ቢልድ ይሄዳል። አልፓይን ገጹ ሲያድግ ኤችቲኤምኤሉን በኮድ ያጨናንቀዋል።

ቡና በጨው፦
ወዴት ነው የሚያድገው? 40 ሰው እኮ ነው ወንድሜ።

ከቨርጂኒያ፦
ለቀኑ ላይብረሪ አትፈልጊ። ጃቫስክሪፕት ራሱ ኢንትል ዴትታይምፎርማት አለው፤ ቋንቋውን አማርኛ፣ ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ» ስትዪው ጳጉሜንን ሳይቀር ያወጣልሻል። ግን ማሳየት ብቻ ነው የሚችለው፣ ከእኛ ወደ ፈረንጅ አይመልስም። ስለዚህ በፈረንጅ አስቀምጪ፣ በእኛ አሳዪ። ታይምዞኑንም አዲስ አበባ ብለሽ ቁረጪው። ካልቆረጥሽው «2024-09-11» እናንተ ጋ መስከረም 1 ቀን 2017 ሲሆን፣ እዚህ ያለ ሰው ሲከፍተው ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ይላል። ጃቫስክሪፕት እንዲህ የተጻፈን ቀን የሚያነበው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እኩለ ሌሊት ነው።

የዕቁብ ጸሐፊዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አልፓይኑን ጀመርኩት። የዕጣውን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ቡና በጨው፦
ማዝ ራንደም ለዕቁብ አያንስም። ግን ዕጣው ለአንቺ የወጣ ዕለት ኮዱን ማን ጻፈው ሲሉ ምን ልትዪ ነው? በወረቀት አውጡት።