ቪአር እና ኤአይ በማኅበረሰብ ኮሌጅ፦ ከምን ይጀመር?

ጥያቄ፦ ለብየዳ ትምህርት የቪአር መነጽር (በኮምፒውተር የተፈጠረ ዓለም ውስጥ ያለን የሚያስመስል)፣ ለጥናት ድጋፍ ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ለማስገባት ታስቧል። በክፍሉ 24 ተማሪ አለ። ስንት መነጽር ይበቃል? ዋይፋዩስ ይችለዋል?

መልስ 1፦ 24 አትግዙ፣ 6 ይበቃል። ለአንድ መነጽር አራት አራት ሆነው በየ15 ደቂቃው ይቀያየሩ፤ ተራ ጠባቂዎቹ በስክሪን ይከታተሉ። ለእያንዳንዱ መነጽር 2 በ2 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ባትሪው የሚቆየው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ስለሆነ በየእረፍቱ ቻርጅ ይደረግ። ምስሉ ከኮምፒውተር የሚላክ ከሆነ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ይሥራ፤ ኮምፒውተሩ ግን ከራውተሩ ጋር በኬብል ይገናኝ። መነጽሩም ኮምፒውተሩም በዋይፋይ ከሆኑ ምስሉ ይዘገያል፣ ማቅለሽለሹም ይከተላል። ደግሞ ቪአር የእጅ ፍጥነትና ማዕዘን ያለማምዳል እንጂ እውነተኛውን ሙቀት አያሳይም፤ ወርክሾፑን አትዝጉ!

መልስ 2፦ መነጽሩን መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። ሌንሱ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥላል። ሌንሱንም በአልኮል ሳይሆን በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉ። ብዥ አለኝ ለሚል ተማሪ መጀመሪያ የሌንሶቹን ርቀት ከዓይኖቹ ርቀት ጋር አስተካክሉለት።

መልስ 3፦ ኤአዩን በተመለከተ፣ የተማሪ መረጃ ከግቢ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር (የሞዴሉ ውስጣዊ ቁጥሮች) ያለው ክፍት ሞዴል (አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ማሠራት የሚቻል ኤአይ)፣ ወደ 4 ቢት ተጨምቆ (እያንዳንዱ ቁጥር ትንሽ ቦታ እንዲይዝ ተደርጎ)፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ግራፊክስ ካርድ ላይ ይሠራል። ስሌት ላይ ግን በድፍረት ይሳሳታል፤ መምህር ያረጋግጥ። የኤአይ ጽሑፍ እንለያለን የሚሉ ሶፍትዌሮችን ለቅጣት አትጠቀሙ፣ ተማሪ በራሱ የጻፈውንም የኤአይ ነው ብለው ይወነጅላሉ።